በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ስለተለጠፈው ቀዳዳ

ለተከበሩ ዶክተር ተካልኝ፣
የእልፍ ጤና የሕክምና ምርመራ ማዕከል መሥራች፣ ዋና ሥራ አስፈጻሚ፣ የቦርድ ሰብሳቢና የጥራት ኮሚቴ የበላይ ጠባቂ
ኦሎምፒያ፣ አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤንነትዎ ያለኝን ጽኑ ምኞት እገልጻለሁ። የደም ግፊትዎ በልኩ፣ እንቅልፍዎ ሙሉ፣ ሪባኑ በቅርቡ የተቆረጠለት የሲኤምሲው ቅርንጫፍዎም በሰላም እንዳለ ተስፋ አደርጋለሁ። ይህን ምኞት ከልቤ የማቀርበው፣ እርስዎ ቢታመሙ በራስዎ ማዕከል መመርመርዎ እንደማይቀር፣ ውጤትዎም እንደማንኛውም ሕመምተኛ ውጤት በኢሜይል እንደሚላክ ስለማውቅ ነው። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ለጠላቴ እንኳ አልመኝም፤ ለእርስዎማ እንዴት ተደርጎ!

እንደሚያስታውሱት፣ ከዚህ ቀደም «ጥብቅ ምስጢር፣ ለዋና ሥራ አስፈጻሚ ብቻ» ብዬ የጻፍኩልዎ ደብዳቤ በሦስቱም ቅርንጫፎችዎ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ወረፋ በሚጠብቁ ሕሙማን ሲነበብ ሰንብቷል። እንግዲህ ይህኛውን ከመነሻው ለሁሉም ሰው አድርጌ በጋዜጣ ማውጣቴ ከድፍረት ሳይሆን የመዝገብ ቤትዎን ድካም ለማቃለል ካለኝ ፍላጎት የመነጨ መሆኑን እንዲረዱልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከፎቶዬ በቀር ላያውቁኝ ስለሚችሉ ራሴን ላስተዋውቅ። ፌናን ዋቅቶላ እባላለሁ። ኮምፒውተር ሳይንስ ተምሬ በማዕረግ ተመርቄአለሁ፤ እስካለፈው ወር ድረስም የማዕከልዎ የኔትወርክ ባለሙያ ነበርኩ። የተወለድኩት የሲኤምሲው ቅርንጫፍዎ ካለበት ቦታ ድንጋይ ቢወረወር በሚደርስበት ርቀት ነው። በምረቃው ዕለት «ባዶ ሜዳ የነበረውን ሕይወት ዘራንበት» ብለው የተናገሩለት ሜዳ የአያቴ የጤፍ ማሳ ነበር፤ እኔ እስከማውቀው ድረስ ባዶ ሆኖ አያውቅም። ግን ይህ የዛሬው ጉዳዬ አይደለም፤ ሌላ ደብዳቤ ይፈልጋል፤ እርሱም ያለ ማኅተም አይነበብም።

የዛሬው ጉዳዬ ስሜ ነው። በመጪው ዓርብ የዲሲፕሊን ኮሚቴዎ ተሰብስቦ «የሕሙማንን ምስጢር ለውጭ ሰው አሳልፋ ሰጥታለች» የሚለውን ቃል በመሰናበቻ ደብዳቤዬ ላይ ሊያሰፍር መዘጋጀቱ ተነግሮኛል። ከኦሎምፒያ እስከ ላምበረት በየወሩ ከሚበቅሉት ሕንጻዎች መካከል እንዲህ የተባለላትን የኔትወርክ ባለሙያ የሚቀጥር አንድም ቢሮ አይገኝም። ኮሚቴው ይህን ያውቃል፤ እርስዎም ያውቃሉ። ስለዚህ ከዓርብ በፊት የሆነውን በየተራው እያነሳሁ ለእያንዳንዱ የሚገባዎትን ምስጋና ላቅርብ።

መጀመሪያ ግን ለአንባቢ አንድ ማብራሪያ ያስፈልጋል። ለአንባቢ ማለቴ ለኮሚቴውም ጭምር ነው፤ አባላቱ በስብሰባ መሐል «ለመሆኑ ይህ ሰርቨር የሚባለው የት ነው ያለው?» ብለው ሲጠይቁኝ፣ በተቀመጡበት ክፍል ጥግ የምረቃው ሪባንና የፕላስቲክ አበባ የተከመረበት ጥቁር ሣጥን እርሱ መሆኑን ባሳየኋቸው ጊዜ ወንበራቸውን ትንሽ ራቅ እንዳደረጉ አልዘነጋሁትም። የኢሜይል ሰርቨር ማለት በቀላል አነጋገር የማዕከሉ የበር ዘበኛ ነው። ከውጭ የሚመጣ መልእክት ሁሉ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእርሱን በር ነው፤ እርሱም የላኪውን ስም ተቀብሎ ለስም በተዘጋጀው መስመር ላይ ይጽፋል። የሕሙማን ውጤት ወደ ውጭ የሚወጣውም በእርሱ እጅ ነው። ባለፈው ጥር ሶፍትዌሩን የሠሩት ሰዎች ለዓለም ሁሉ አንድ ነገር አሳወቁ፤ ይህ ዘበኛ ስሙ ከመስመሩ የረዘመ እንግዳ ሲመጣበት ግራ ይጋባል፤ ከመስመሩ የተረፈውንም የስም ቁራጭ እንደ አለቃ ትእዛዝ ቆጥሮ ይፈጽመዋል። በስሙ ጅራት ላይ «ቁልፉን ስጠኝ» የሚል ቃል ቀጥሎ የመጣ ሰው የይለፍ ቃል ሳይጠየቅ ቁልፉን ተቀብሎ ይገባል። ገብቶም የፈለገውን ያነባል፤ በማዕከሉ ስምም የፈለገውን ይልካል። ሠሪዎቹ ችግሩን በተናገሩበት አፍ መድኃኒቱንም ሰጥተዋል፤ ማስተካከያውን አውርዶ መጫን ነው፤ ለዚያም ኢሜይሉ ከምሳ በኋላ ቢቋረጥ ከሥራ መውጫ በፊት ይመለስ ነበር። በነገራችን ላይ፣ የእርስዎ ሙሉ ማዕረግ ከዚህ ደብዳቤ ራስጌ ላይ እንዳለ ለዘበኛው ቢነገረው ያለ ማንም ተንኮል በዚያው ዕለት ራሱን ስቶ ይወድቅ ነበር ብዬ እሰጋለሁ።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

አንደኛ፤ ማሳሰቢያው በወጣበት ዕለት ለአስተዳደር ኃላፊው ለአቶ ገረመው በኢሜይል አመለከትኩ። አቶ ገረመው ጨዋ ሰው ናቸው፤ ቢሯቸው ጠርተው ወንበር ሰጡኝና «ልጄ፣ ኢሜይል እኮ ደብዳቤ አይደለም። ቁጥር የለው፣ ማኅተም የለው፤ ነገ ቢካድ ምን ይዤ ልቆም ነው? በደብዳቤ አድርገሽ አምጪው» አሉኝ። የሰው ደምና ሽንት ውጤት ለመላክ የታመነ ኢሜይል፣ መታመሙን ለመናገር ግን የማይታመንበት ተቋም ውስጥ መሥራቴን ያን ዕለት ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። አንባቢ «ታዲያ አንቺ ዝም ብለሽ አትጭኚውም ነበር?» ይለኝ ይሆናል። ዋናው የይለፍ ቃል በታሸገ ፖስታ በአቶ ገረመው ካዝና ውስጥ ነው የሚኖረው፤ እርስዎ ዱባይ ሳሉ ኢሜይልዎ ለጥቂት ጊዜ በመቋረጡ ያወጡት መመሪያ ነው። ያለ ጽሑፍ ፈቃድ አገልግሎት ያቋረጠ ሠራተኛ እንደሚሰናበትም ይኸው መመሪያ ይደነግጋል። ቁልፉን ከጠጋኟ ደብቆ በሩን ለሌባ ክፍት የሚተው አስተዳደር ብርቅ ነውና እርሱንም ሳላመሰግን አላልፍም።

ሁለተኛ፤ በታዘዝኩት መሠረት በደብዳቤ አመለከትኩ። ደብዳቤው የአዲሱ ቅርንጫፍ ምረቃ ሽር ጉድ መሐል ደረሰና «የግብዣ ካርድ በኢሜይል እየተላከ ባለበት ወቅት አገልግሎት አይቋረጥም፤ በተጨማሪም ማመልከቻው በቂ ማብራሪያ የለውም» ተብሎ ተመለሰልኝ። በዚያው ሳምንት የሰርቨሩ ክፍል ማቀዝቀዣ ተነቅሎ የክብር እንግዶች ወደሚቀመጡበት ድንኳን ሄደ፤ እስከ ዛሬም አልተመለሰም። እንግዶቹ እንዳልሞቃቸው ሰምቼ ተደስቻለሁ።

ምረቃው አለፈ። ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፍኩ። በዚህኛው ላይ «በቂ ማብራሪያ» የተባለውን ሁሉ ሰጠሁ፤ የሰርቨሩን አድራሻ፣ የሶፍትዌሩን ስምና የስሪት ቁጥር፣ ዘበኛው ምን ሲባል እንደሚሳሳት፣ እንግዳው ምን ይዞ እንደሚገባ፣ አንድም ሳላስቀር። የበሽታው ዝርዝር ለሐኪም ይነገራል ብዬ ነው። በፖስታ አሽጌ፣ ከላዩ «ጥብቅ ምስጢር» ብዬ በቀይ እስክሪብቶ ጽፌ፣ ለመዝገብ ቤት ኃላፊዋ ለወይዘሮ አሰገደች በእጄ አስረከብኩ።

ሦስተኛ፤ እዚህ ላይ ምስጋናዬ ለእርስዎ በግል ነው። ከእርስዎ ቢሮ የሚወጣ ደብዳቤ ሁሉ ዳር ላይ ከሦስት ቃላት አንዱ እንደሚጻፍበት በማዕከሉ የማያውቅ የለም፤ «ይፈጸም»፣ «ይጠና» ወይም «ይታወቅ»። እኔ የለመንኩት የመጀመሪያውን ነበር። እርስዎ ግን ዳሩ ላይ በሚያምረው የእጅ ጽሑፍዎ «ለሁሉም ይታወቅ» ብለው ፈረሙበት። ወይዘሮ አሰገደች የታዘዙትን አጉድለው የማያውቁ ሴት ስለሆኑ ደብዳቤዬን ቁጥር ሰጡት፣ ማኅተም መቱበት፣ ለላቦራቶሪ፣ ለራጅ ክፍል፣ ለግዥ፣ ለሾፌሮች ስምሪትና ለካፍቴሪያ ግልባጭ አደረጉለት፤ ከዚያም በኦሎምፒያ፣ በሲኤምሲና በላምበረት ሰሌዳ ላይ በስፒል ወግተው አቆሙት። የቤታችን በር ቁልፍ እንደማይሠራ ለአባወራው በጆሮው የነገርኩት ምስጢር፣ ከነቤቱ አድራሻ፣ ከነቁልፉ ዓይነት፣ ከነአከፋፈቱ በገበያ መሐል ተሰቀለ።

ሮጬ ወደ ወይዘሮ አሰገደች ሄድኩ። መልሳቸውን ቃል በቃል ማቅረብ ግዴታዬ ነው፤ «እማዬ፣ ምስጢር የሚል ማኅተም አለን እኮ። አንቺ በእስክሪብቶ ነው የጻፍሽው፤ በእስክሪብቶ የተጻፈ ምስጢር አይሆንም። ማኅተሙ ደግሞ ዶክተሩ መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው»። የኦሎምፒያውን በእጄ ነቅዬ ቀደድኩት፤ በባቡሩ ሥራ በተቆፋፈረው መንገድ አቧራ እየቃምኩ ላምበረት ደርሼ እስክመለስ ድረስ በቦታው ሌላ ቅጂ ተተክቶ ጠበቀኝ። ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት ከሰሌዳ ለማንሳት ደብዳቤ ያስፈልጋል ተባልኩ። ጻፍኩ። እርስዎም በላዩ ላይ «ይታወቅ» ብለው መሩት። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ቀዳዳውን የሚዘረዝረው ደብዳቤና ያ ደብዳቤ አደገኛ ስለሆነ ይነሳ የሚለው ደብዳቤ ጎን ለጎን ተሰቅለው፣ አንባቢ የትኛው ጠቃሚ እንደሆነ እንዳይቸገር ረዱት። ሰዎች በስልካቸው ፎቶ ሲያነሱት በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ጎልማሳ «ይቺን ለወንድሜ ልጅ ልላክለት፤ ኮምፒውተር ነው የሚማረው» እያለ አጠገቤ ቆሞ አነሳ። ምን ልበለው? በማኅተም የጸደቀ ነው።

አራተኛ፤ ከዚህ በታች ያለውን ነገር ቀልድ ጨምሬበት መጻፍ ስለማልችል ሳልቀልድ እጽፈዋለሁ።

ላምበረት አካባቢ በአንድ የትራንስፖርት ቢሮ የምትሠራ ሴት ለምርመራ ወደ ማዕከሉ መጥታ ነበር። ውጤቷ ከማዕከሉ ትክክለኛ አድራሻ፣ ከታች «እልፍ ጤናን ስለመረጡ እናመሰግናለን» የሚለውን መፈክር እንደያዘ፣ ቢሮዋ ውስጥ ኢሜይል ላለው ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ተላከ። ማን እንደላከው አላውቅም። ለምን እንዳደረገውም አላውቅም፤ ምናልባት የሚጠላት ሰው ነው፤ ምናልባትም ሰሌዳ ላይ ያነበበውን ለመሞከር የፈለገ የማያውቃት ሰው። ምን ዓይነት ውጤት እንደነበረ አልጽፍም፤ የእኔ አይደለም። የማዕከሉም አልነበረም። በማግስቱ ወደ ላምበረት ቅርንጫፍ መጣች፤ ጩኸት የለ፣ ስድብ የለ፤ የኔትወርክ ባለሙያዋ እኔ መሆኔን ሲነግሯት ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «እኅቴ፣ ከእኔ በፊት ሾፌሮቹ አነበቡት። እኔ ምንም አላውቅም ነበር። ጠዋት ስገባ ሁሉም ብድግ ብሎ ወንበር ለቀቀልኝ፤ ያኔ ነው የገባኝ» አለችኝ። ይህን ደብዳቤ እንደምጽፍ ስነግራትም «ስሜን ጥሪው፤ ከዚህ በኋላ ማንን ነው የምደብቀው?» ብላኛለች። አልጠራውም። በዚህ ጉዳይ ውስጥ ምስጢር መጠበቅ የሚችል ቢያንስ አንድ ሰው መኖር አለበት።

አምስተኛ፤ ከዚህ በኋላ ማዕከሉ ለወራት ያጣሁትን ቅልጥፍና አሳየ። ሴትዮዋ አቤቱታ ባቀረበች ሳምንት ሳይሞላ አቶ ገረመው የሚመሩት የዲሲፕሊን ኮሚቴ ተቋቋመ። የመጀመሪያው ጥያቄ «ቀዳዳው መኖሩን ከአንቺ በቀር ማን ያውቅ ነበር?» የሚል ነበር። «ሰሌዳውን ያነበበ ሁሉ» ብዬ መለስኩ፤ በቃለ ጉባኤው ላይ «ተከሳሿ ኮሚቴውን ዘለፈች» ተብሎ ተመዘገበ። ሰርቨሩ ማን መቼ በየት በኩል እንደገባ ራሱ የሚጽፈውን አትሜ አቀረብኩ፤ ሰው የገባው ከውጭ፣ ያውም ደብዳቤው ከተሰቀለ ወዲህ እንደሆነ በግልጽ ይታያል። ማኅተም ስለሌለው በማስረጃነት አልተቀበሉትም። ሰርቨሩ ማኅተም እንዲኖረው ለግዥ ክፍል ላመለክት አስቤ ነበር፤ ግልባጩ የት እንደሚደርስ ሳስብ ተውኩት። በመጨረሻም አቶ ገረመው በአባትነት ድምፅ «አየሽ ልጄ፣ አንቺ ዝም ብትዪ ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር» አሉኝ። ውሻ ባለመጮኹ ሲደበደብ አይቻለሁ። ጮኾ፣ ደግሞም በደብዳቤ ጮኾ፣ ሌባ ተብሎ ሲደበደብ ግን ያየሁት በእናንተ ግቢ ነው።

ይህ የአቶ ገረመው ቃል ግን ከሌላው ሁሉ በላይ እንቅልፍ ነስቶኛል፤ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። እኔ ባልጽፈው ኖሮ ያ ደብዳቤ አይሰቀልም ነበር። ግን ልብ ይበሉ፣ ዶክተር፤ ቀዳዳውን ከእኔ በፊት ሠሪዎቹ ለዓለም ሁሉ ተናግረውታል። የእኔ ዝምታ የሚደብቀው ከማን ነበር? ከሌባው አይደለም፤ እርሱ ያነባል። ከእርስዎ ብቻ ነበር የሚደብቀው። አንድ ሐኪም ለሕመምተኛው «እብጠቱን ባትነግረኝ ኖሮ አትታመምም ነበር» ብሎ ሲናገር ብሰማ ፈቃዱ እንዲነጠቅ እመኛለሁ። እርስዎ ግን ሐኪም ነዎት፤ ይህ ቃል በሰፈረበት ቃለ ጉባኤ ላይም ፈርመዋል።

ስድስተኛ፤ ስለ ፎቶዬ። ኮሚቴው ገና ሳይወስን፣ ከመታወቂያዬ ላይ ፎቶዬን አስፍታችሁ «ከላይ ምስሏ የሚታየው ግለሰብ ከማዕከላችን ጋር ምንም ዓይነት የሥራ ግንኙነት የሌላት በመሆኑ በስሟ ለሚፈጸም ማናቸውም ተግባር ኃላፊነት አንወስድም» በሚል ጽሑፍ በሦስቱም ሰሌዳዎች ላይ ሰቅላችሁልኛል። ለዚህ ማመልከቻ አላስፈለገም፤ ማብራሪያ አልጎደለውም፤ የምስጢር ማኅተምም አልተፈለገም። ጠዋት ታስቦ ከምሳ በፊት ተፈጸመ። «ይፈጸም» የሚለው ቃል በእጅ ጽሑፍዎ ምን እንደሚመስል ያየሁት በዚያ ነው፤ ያምራል።

አባቴ አቶ ዋቅቶላ ለደም ግፊት ክትትል የሚሄዱት ላምበረት ነው። ስለ ፎቶው አልነገርኳቸውም ነበር። ማክሰኞ ዕለት ከዚያ ተመልሰው ባርኔጣቸውን ሰቀሉ፤ ልጄ ሲሉኝ በኦሮምኛ ነውና «ኢንተላ ኮ፣ ፎቶሽን እዚያ አየሁት፤ ደህና አድርጎ አንስቶሻል። ጽሑፉን ግን መነጽር ስላልያዝኩ አላነበብኩትም» አሉኝና ወደ ጓሮ ወጡ። አባቴ ያለ መነጽር ከቤት ወጥተው አያውቁም። የዚያን ዕለት ግፊታቸው ስንት እንደደረሰም አልነገሩኝም፤ ሌላ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ካለ ግን መንገዱ ክፍት ነው።

እንግዲህ ልመናዬን ላቅርብ፤ ብዙ አይደለም። ሥራዬን መልሱልኝ አላልኩም፤ ወንበሩ ሞቆት ለሚቀመጥበት ይሁን። የምጠይቀው ማስተካከያው እንዲጫን ነው፤ አቶ ገረመው ፖስታቸውን ከካዝናቸው አውጥተው አጠገቤ ይቁሙ፣ ወይዘሮ አሰገደችም ማኅተማቸውን ይዘው ይምጡ፣ ከፈለጉ ኮሚቴው በሙሉ ወንበሩን ራቅ አድርጎ ይመልከት፤ ያለ ምንም ክፍያ ጭኜ እሄዳለሁ። በእኔ ካላመናችሁ ሌላ ባለሙያ ጥሩ፤ ከተማው ሞልቷል። ቀጥሎ፣ ለዚያች ሴት ማዕከሉ ጥፋቱ የማን እንደሆነ በፊርማዎ ይጻፍላት፤ ለእርሷ የሚጻፈው ደብዳቤ ብቻ ሰሌዳ ላይ አይለጠፍ። ከዚያም ፎቶዬ ይውረድ፤ ዓርብ የሚጻፈው ቃልም አይጻፍ።

ሕሙማን ሆይ፣ እናንተም ይህን ጋዜጣ ስለምታነቡ አንድ ቃል ልበል። እስከዚያ ድረስ ውጤታችሁ በኢሜይል እንዳይላክ ተናገሩ፤ በአካል ሄዳችሁ መታወቂያ አሳይታችሁ ተቀበሉ። መንገዱ ተቆፍሯል፣ ታክሲው ይጨናነቃል፤ ቢሆንም ሂዱ። የሶፍትዌሩን ስምና የሰርቨሩን አድራሻ እዚህ አልጻፍኩም፤ ለክፉ ሰው ላለመንገር ነው። ለነገሩ ክፉው ሰው ሰሌዳ ማንበብ ይችላል።

ዓርብ ዕለት ኮሚቴው ፊት እቀርባለሁ። ይህን ጋዜጣም ይዤ እመጣለሁ። ቁጥር አለው፤ ቀን አለው፤ ግልባጩ ብዙ ነው። በእርስዎ መመዘኛ፣ ከጻፍኳቸው ሁሉ የተሟላው ደብዳቤ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ለጊዜዎ፣ ለትዕግሥትዎ፣ በተለይም ለእጅ ጽሑፍዎ ያለኝን ከፍ ያለ አክብሮት ደግሜ እየገለጽኩ፣ ዘበኛዎ ከረጅም ስም፣ መሳቢያዎ ከዝገት፣ ስምዎም የእኔ ስም ከደረሰበት እንዲጠበቅ እየተመኘሁ፣

ከማዕከልዎ ጋር ምንም ዓይነት ግንኙነት የሌላት፣
ፌናን ዋቅቶላ
ሰኔ ፳፻፮ ዓ.ም.

ግልባጭ፦
ለመዝገብ ቤት (እንደተለመደው)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ለጋዜጣው ከመስጠቴ በፊት ሁለት ነገር አረጋገጥኩ። ሰርቨርዎን እንደማንኛውም ኢሜይል ላኪ ከውጭ በሩን አንኳኳሁ፤ ጨዋ ነውና ለሚያንኳኳው ሁሉ ሰላምታ ሲሰጥ ስሙንና የስሪት ቁጥሩን ይናገራል፤ በጥር ወር የነበረውን ያንኑ ያልተስተካከለ ስሪት ቁጥር ነገረኝ። ከዚያም ላምበረት ሄጄ ሰሌዳውን ተመለከትኩ። ፎቶዬ የተሰካው በዚያ ደብዳቤዬ ላይ ነው፤ ደብዳቤው አልተነሳም፤ ከአገጬ በታች የማኅተምዎ ግማሽ ክብ ብቅ ብሎ ይታያል። እንግዲህ ማዕከሉ እስካሁን ቀዳዳውን የደፈነበት ብቸኛ ነገር የእኔ ፊት ሆኖ ተገኝቷል። ደህና ፎቶ ነው፤ አባቴ መስክረዋል። ግን የተያዘው ከላይ በአንዲት ስፒል ብቻ ስለሆነ፣ አንድ ሕመምተኛ የመግቢያውን በር በከፈተ ቁጥር ነፋሱ ያነሳዋል።